ልጃችን ጥርሱን ሲያፋጭ

(በሬድዮ ፕሮግራማችን የቤተሰብ ሰዓት ላይ የቀረበ ንግግር)



  የዛሬው ርእሳችን ከአንዲት እኅት በደረሰን ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነው። እኅታችን የምትኖረው ወሎ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ነው። ስሟን እንዳንጠራ አደራ ስላለችን አንጠራም። ደብዳቤዋ እንዲህ ይላል፦

«ልጄ 10 ወሩ ነው። ከታች ሁለት፣ ከላይ ሁለት ጥርስ አብቅሏል። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ጥርሱን እያፋጨ አስጨንቆኛል። ቀን ሲጫወት ቂጭ ቂጭ ያደርጋል። ሌሊት ደግሞ ተኝቶ ወፍጮ የሚፈጭ ይመስል ድምፁ ከሌላ ክፍል ይሰማል። በዚያ ላይ ሰሞኑን ተቅማጥ ይዞታል። አማቴ ‹ግግ ነው፤ ሳይቀድመን ይውጣለት› ብለው ግግ ወደምታወጣ ሴት ሊወስዱት ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘዋል። ባለቤቴ ከእናቱ ቃል አይወጣም። እኔ ግን ፈርቻለሁ። እምቢ ብዬ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ጥፋቱ የእኔ ነው የሚባለው። እሺ እንዳልል ደግሞ ልቤ አልቀበል አለኝ። እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።»

ደብዳቤው ሲደርሰን ቅዳሜ ሊሆን የቀረው አራት ቀን ብቻ ነበር። እኅታችን የስልክ ቁጥሯን ከግርጌ አስፍራ ስለነበር የፕሮግራሙን ቀን ሳንጠብቅ ደወልንላት። ምን እንደተነጋገርንና ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን ይህ ጥያቄ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ ሁላችንም የምንጠቀምበትን ያህል እንነጋገር።

እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ የሦስት ልጆች እናትም ነኝ። የመጀመሪያው ልጄ በ11ኛው ወሩ አንድ ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ ስሰማ የተማርኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። «ቢስሚላህ!» ብዬ ተነሣሁ፤ መብራት አበራሁ፤ ልጁንም ከተኛበት ብድግ አድርጌ ቀሰቀስኩት። እሱ ምንም አልሆነም። ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገና ፈገግ ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ግን የሚተኛ መስሏችኋል? እስከ ፈጅር ሲጫወት አደረ። ያን ሌሊት እንቅልፋችንን ያሳጣን የእኔ ድንጋጤ እንጂ የልጁ ጥርስ አልነበረም።

ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገውም ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው። ጥርስ ማፋጨት በራሱ ሕፃናትን የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳቸው እኛ ደንግጠን የምናደርገው ነገር ነው።

ጥርስ ማፋጨት ከምን ይመጣል?

ሐኪሞች ብሩክሲዝም ይሉታል። የምናኝክባቸው የመንጋጋ ጡንቻዎች ምግብ በሌለበት ሲሠሩ፣ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ሲፋተግ ወይም ጥብቅ ብሎ ሲገጥም ማለት ነው። በሕፃናትና በትናንሽ ልጆች ዘንድ በጣም የተለመደ ነገር ነው።

የሕፃን ጥርስ እንደ ልጁ ቢለያይም በአብዛኛው የሚጀምረው በ6ኛው ወር ገደማ ከታች ባሉት ሁለት የፊት ጥርሶች ነው። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ከ8ኛው ወር በኋላ ይከተላሉ። ልብ በሉ፣ ከላይም ከታችም ጥርስ ሳይኖር ማፋጨት አይቻልም። ለዚህ ነው ድምፁ ብዙውን ጊዜ ከ8ኛ ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጀምረው። ልጁ ትናንት ያልነበረ ጠንካራ ነገር ዛሬ አፉ ውስጥ አግኝቷል። አዲስ መጫወቻ እንደተሰጠው ልጅ ያጋጨዋል፣ ይሞክረዋል፣ ድምፁንም ይሰማል። ድዱም ስለሚያሳክከው መንከሱና ማፋተጉ ትንሽ ቀለል ይለዋል። ቀን ሲጫወት የሚያፋጭ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ እያደረገ ነው።

የሌሊቱ ትንሽ ይለያል። ሁላችንም ስንተኛ እንቅልፋችን አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ይቀላል። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ሳንነቃ አንጎላችን ለአፍታ ነቃ ይላል፤ የልብ ምታችን ፈጠን ይላል። ማፋጨቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚህን ጊዜ ነው። ልጁ ራሱ አያውቀውም፤ ጠዋት ብትጠይቁትም አያስታውሰውም። እናት ወይም አባት በልጅነታቸው ያፋጩ ከነበረ ልጃቸውም የማፋጨቱ ዕድል ከፍ ይላል። እንግዲህ አያቶችን ጠይቁ፤ «አባትህም እንዲሁ ነበር» የሚል መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ።

«ታዲያ ጥርሱ ተፍቆ አያልቅም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የወተት ጥርስ የላይኛው ሽፋን ከቋሚው ጥርስ የሳሳ ስለሆነ አዘውትሮ የሚያፋጭ ልጅ የጥርሱ ጫፍ ጠፍጠፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ሁሉ ወራጆች ናቸው። ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ እየወለቁ በቋሚ ጥርስ ይተካሉ። አብዛኞቹ ልጆችም ከፍ እያሉና ቋሚ ጥርስ እያበቀሉ ሲሄዱ ማፋጨቱን ራሳቸው ይተዉታል።

«ወስፋት ነው»

በየቤታችን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወስፋት ነው። «ጥርሱን ያፋጨ ልጅ ወስፋት አለበት» ስንል ነው ያደግነው። በአገራችን ወስፋት ብዙ መሆኑ እውነት ነው። አፈር ላይ የሚጫወት ልጅ በቀላሉ ይይዘዋል። ሆኖም ማፋጨት የወስፋት ማረጋገጫ አይደለም። ወስፋት ያለበትም የሌለበትም ልጅ ያፋጫል። ሆዱ ከተነፋ፣ ካልወፈረ፣ ከገረጣ፣ መቀመጫውን ካሳከከው ወይም በሰገራው ትል ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ሰገራውን አስመርምሩ።

የወስፋት መድኃኒት ከ12 ወር በላይ ለሆናቸው ልጆች በዕድሜያቸው ተለክቶ ይሰጣል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም። ኮሶ፣ መተሬና እንቆቆማ ጭራሽ ለሕፃን አፍ የሚቀርቡ አይደሉም። ትልቁን ሰው የሚያንገዳግድ ነገር የ10 ወር ልጅ ምን ያደርገው ይሆን?

«ግግ ነው»

አሁን ወደ እኅታችን ጭንቀት እንምጣ። ግግ ማስወጣት የሚባለው የሕፃኑን ድድ ፈልፍሎ ገና ያልወጣውን ጥርስ ነቅሎ ማውጣት ነው። በየቦታው በስለት፣ በመርፌ፣ በሽቦ ወይም በጥፍር ይሠራል። ልማዱ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያም ይታወቃል። ከእነዚህ አገሮች ሰዎች ተሰደው በሄዱባቸው አገሮች ያሉ የጥርስ ሐኪሞችም ልጆች በዚህ ምክንያት ጥርሳቸው ጎድሎ ሲመጡ አይተዋል።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የሕፃን ክራንቻ ጥርስ የሚወጣው ከ16ኛው ወር ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ድዱ ውስጥ ተደብቆ ያድጋል፤ በዚያ ቦታም ድዱ አበጥ፣ ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። ይህ በሽታ ሳይሆን በመንገድ ላይ ያለ ጥርስ ነው። ተፈልፍሎ ሲወጣ ገና ስላልጠነከረ ለስላሳና ነጭ ይሆናል። አውጪዋም ለእናትየው እያሳየች «ይኸውልሽ ትሉ!» ትላለች። እናት በዓይኗ ያየችውን እንዴት አታምን? ያየችው ግን የገዛ ልጇን ጥርስ ነው።

ጉዳቱስ? በመጀመሪያ ደም ነው። የሕፃን ደም ጥቂት ስለሆነ ለትልቅ ሰው ኢምንት የሆነው መድማት ለእሱ ብዙ ነው። ሁለተኛ ባልጸዳ መሣሪያ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ. ሊተላለፉ ይችላሉ። ቁስሉም አመርቅዞ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ሦስተኛ ከወተት ጥርሱ አጠገብ የቋሚው ጥርስ ዘር አለ። እሱ ከተነካ ልጁ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም ጥርሱ ላይበቅል ወይም ተጣሞ ሊበቅል ይችላል። በሕግም ቢሆን በሕፃናት ላይ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ታዲያ «ግጉ ሲወጣለት ዳነ» የሚሉ እናቶች ውሸታቸውን ነው? አይደለም። ያዩትን ነው የሚናገሩት። ልጆች ጥርስ በሚያበቅሉበት ዕድሜ ሌሎች ብዙ ነገሮችም አብረው ይመጣሉ። በ6 ወሩ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ቀጥሎ ይድኻል፤ ከመሬት ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ከእናቱ በተወለደ ጊዜ ያገኘው የመከላከል አቅምም እየቀነሰ የሚሄድበት ወቅት ነው። በዚህም የተነሣ ተቅማጥ ይይዘዋል። ተቅማጡን ያመጣው ጥርሱ ሳይሆን በቆሸሸ እጅ፣ በጡጦና በውኃ የገባው ጀርም ነው። ብዙው ተቅማጥ ደግሞ በጥቂት ቀናት ራሱ ይቆማል። በመሐል ግግ ከወጣ ምስጋናው ለግግ አውጪዋ ይሆናል። ሕፃኑ ከሞተ ግን «ዘገያችሁ» ይባላል። እንዲህ ዓይነቱ ልማድ መቼም አይረታም።

ሕፃን ሲያስቀምጠው የሚያስፈልገው ግልጽ ነው። ጡት አይቋረጥም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጠባል። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በማንኪያ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የዚንክ እንክብልም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ የታዘዘው ቀን እስኪያልቅ ይቀጥላል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ አልጠባም ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ሰገራው ደም ካለበት በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

«ጂን ነክቶት ነው»

በሙስሊም ቤቶች ውስጥ ይህም ይነሣል። በጂን መኖር እናምናለን፤ በዱዓም እናምናለን። ነገር ግን ተኝቶ የሚያፋጭን ሕፃን ሁሉ ጂን ነክቶታል ማለት ያለ ማስረጃ መናገር ነው። ልጃችሁ ላይ ቁርኣን ቅሩበት፣ ዱዓ አድርጉለት፤ ይህ ሳያፋጭም የሚደረግ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን «እኔ አስለቅቀዋለሁ» ብሎ ሕፃኑን ለሚያጥን፣ ለሚመታ ወይም ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትስጡት። አንገቱ ላይ ክርና ገመድ ማሰርም ተኝቶ ሊያንቀው ስለሚችል አደገኛ ነው። መድኃኒት መፈለግ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። የግመሏን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማሰሩም መመካቱም አንድ ላይ ነው የታዘዘው።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አትቀስቅሱት። መንጋጋውን አትያዙ፣ አፉን በጣታችሁ አትክፈቱ፣ አትጩኹበት። ዝም ብላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ቸብ ቸብ አድርጉት። ከፍ ያለ ልጅ ከሆነም በወንድምና እኅቶቹ ፊት «ወፍጮ ቤት» እያላችሁ አትሣቁበት። ሳያውቅ የሚያደርገው ስለሆነ መቆጣቱ ጭንቀት ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም።

ሁለተኛ፣ ድዱ የሚያሳክከውን ሕፃን አስታግሱት። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በንጹሕ ጣት ድዱን ማሸት፣ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ የፈላ ውኃ አርሶ ማስነከስ ወይም ለዚሁ የተሠራውን የላስቲክ ቀለበት መስጠት ይበቃል። ቀለበቱ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ አይሁን። ድዱ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው ወይም ዘይት ነክ መድኃኒት አትቀቡ። የሚያደነዝዙ የድድ ቅባቶችም ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አደጋ ስላላቸው አይሰጡም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ማር ብዙ ጥቅም እንዳለው እናውቃለን፤ ይሁንና 12 ወር ላልሞላው ሕፃን ብርቱ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ዓመት እስኪሞላው አቆዩለት።

ሦስተኛ፣ ምሽቱን አረጋጉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን የቀኑ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት አለበት። የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ያስፈልገዋል። እስኪ የየቤታችንን እንቁጠር። ቴሌቪዥኑና ስልኩ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይበራል። ቡናው ከመግሪብ በኋላ ይፈላል፤ ልጁም «በረካዋን» ይቀምሳል። ቡና፣ ሻይና ኮካ ኮላ ሁሉ እንቅልፍ ያባርራሉ፤ እንቅልፉ የተረበሸ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ያፋጫል። በረመዳንም ትልልቆቹ ተራዊሕ ሰግደን እስክንመለስ ትንንሾቹ አይንቁ፤ በሰዓታቸው የሚያስተኛቸው አንድ ሰው ቤት ይቅር።

ከመተኛቱ በፊት በየቀኑ የማይለወጥ ሥርዓት ይኑረው። ፊትና እግሩ ይታጠብ፣ ጥርሱ ይጽዳ፣ መብራቱ ይደብዝዝ፤ እናት ወይም አባት እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው አያተል ኩርሲንና አጫጭር ሱራዎችን ቀስ ባለ ድምፅ ይቅሩለት። በየምሽቱ ይህንኑ እየሰማ የሚተኛ ልጅ ሰውነቱ የመተኛ ሰዓት መድረሱን ራሱ ያውቃል።

አራተኛ፣ የትምባሆ ጢስን ከቤት አርቁ። ሰው አጠገቡ የሚያጨስበት ልጅ ከማያጨስበት ይልቅ እንደሚያፋጭ ጥናቶች አሳይተዋል። ሲጋራም ሆነ ሺሻ ልጅ በሚተኛበት ቤት ቦታ የለውም።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያዋ ጥርስ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱለት። የጥርስ ሳሙናው እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 ዓመት በላይ ደግሞ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ለአዋቂዎች የሚሠራው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ላስቲክ ግን መንጋጋው እያደገ ላለ ሕፃን በተለምዶ አይታዘዝም።

ልብ ውስጥ ያለው ሲያፋጭ

የ3፣ የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ ድንገት ማፋጨት ሲጀምር ጥርሱን ብቻ አንመልከት። «በዚህ ሰሞን ምን ተለወጠ?» ብለን እንጠይቅ። አዲስ ሕፃን ተወለደ? ቤት ቀየርን? እናትና አባት ይጣላሉ? ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ላይ የሚያስፈራው ሰው ወይም ዱላ አለ? ልጅ «ጨንቆኛል» ማለት አያውቅም። ጭንቀቱ በሰውነቱ ይወጣል።

በማውቀው አንድ ቤት የ4 ዓመት ልጅ አለች። እናቷ ለሥራ ሳዑዲ ሄዳለች፤ የምታሳድጋት አያቷ ናት። ልጅቱ እናቷ ከሄደች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌሊት ሌሊት ማፋጨት ጀመረች። አያትየዋ ወስፋት ነው ብላ አስመረመረቻት፤ ምንም አልተገኘም። ኋላ ነገሩን ሲያስተውሉት እናትየዋ የምትደውለው ሥራዋን ስትጨርስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ልጅቱን ከእንቅልፍ ያስነሷታል፤ እናትና ልጅ ይላቀሳሉ፤ ከዚያ ልጅቱ እያለቀሰች ትተኛለች። እናትየዋ አሠሪዎቿን አስፈቅዳ ስልኩን ወደ ጁሙዓ ቀን አዛወሩት። አያትየዋም «እናትሽ በጁሙዓ ትደውላለች፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እዚሁ ነኝ» እያለች ታስተኛት ጀመር። ማፋጨቱ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ግን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ልጅ በዱቄት የማይድን፣ በቃልና በሥርዓት የሚድን ሕመም እንዳለበት ከዚህ ቤት ተምሬአለሁ።

መቼ ወደ ሐኪም?

አትደንግጡ አልን እንጂ አታስተውሉ አላልንም። የሚከተሉትን ካያችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ተኝቶ አዘውትሮ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ትንፋሹ ለአፍታ ቆም የሚል ከሆነ። የቶንሲል ወይም የአፍንጫ ውስጥ ዕጢ ማበጥ የአየር መተላለፊያውን አጥብቦበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚታከም ነው።

ትኩሳት ካለው፣ ጆሮውን የሚጎትት፣ የሚነጫነጭ ወይም ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ።

ጥርሱ ከተሸረፈ፣ ሲበላ ካመመው፣ ጠዋት ሲነሣ መንጋጋውን ወይም ራሱን ካመመው።

ነቅቶ ሳለ ቀኑን ሙሉ የሚያፋጭና ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ፣ መቀመጥ፣ መሄድ ወይም መናገር የዘገየ ከሆነ። የሚወስደው መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ ንገሩ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲያፋጭ ሰውነቱ የሚገተር፣ እጅ እግሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ የሚገለበጥ ወይም ስትጠሩት የማይሰማ ከሆነ ያ ማፋጨት ሳይሆን መንዘፍዘፍ ሊሆን ይችላል። በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አትክተቱ፤ ክብሪት አታሽትቱት፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የቅዳሜው ቀጠሮ

አሁን ወደ እኅታችን ቤት እንመለስ። ስልክ ስንደውልላት ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት። እሷም «እኔ ገብቶኛል፤ ግን ለእማ ማን ይንገራቸው?» አለች። «እንግዲያው ስልኩን ስጫቸው» አልኳት።

አማቲቱ ስልኩን ተቀበሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። የበኩር ልጄን በዚህ ዕድሜው በተቅማጥ ቀብሬዋለሁ። ለቅሶ የመጡት ሁሉ ‹ግጉን ብታወጪለት ኖሮ አይሞትም ነበር› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የወለድኳቸውን ሁሉ አስወጣሁላቸው። ይህ ደግሞ የልጄ ልጅ ነው። ዳግመኛ ዘግይቼ እንዴት ልቅጣ?»

ለጊዜው የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ «እማ፣ አላህ ይዘንለት፤ ልጅዎን የወሰደው ግግ አይደለም። ውኃ ከሰውነቱ አልቆ ነው። ያን ጊዜ ይህን የሚነግርዎ ሰው አልነበረም። ጥፋቱም የእርስዎ አልነበረም» አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ቆይተው «አልነበረም?» አሉ። «አልነበረም» አልኳቸው።

እነሆ እኔም የተማርኩት አለ። እኛ የተማርነው ሰዎች አያቶችን «ኋላ ቀር» እያልን ስንሳደብ እንውላለን። እነሱ ግን የሚከራከሩን ከዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ከቆየ ሐዘን ነው። ስለዚህ ምራት ሆይ፣ ከአማትሽ ጋር አትሟገቺ፤ አብረሻቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂና ከነርሷ አፍ ይስሙት። ባል ሆይ፣ እናትህን ማክበር ማለት ሚስትህን ብቻዋን መተው አይደለም። መሐል ገብተህ «እማ፣ መጀመሪያ እናስመርምረው» ማለት ያንተ ድርሻ ነው።

በማግስቱ አማቲቱ፣ ልጃቸውና ምራታቸው ሕፃኑን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ተሰጠው፤ ጡጦውም በኩባያና በማንኪያ እንዲተካ ተመከሩ። ተቅማጡ ከሦስት ቀን በኋላ ቆመ፤ አልሐምዱሊላህ። ቅዳሜም መጣ፣ አለፈ። ግግ አውጪዋ ዘንድ የሄደ ሰው የለም።

ከወር በኋላ ለፕሮግራሙ ፈቃዷን ልጠይቅ ደወልኩላት። «ማፋጨቱስ ተወው?» አልኳት። ሳቀች። «ኧረ የት! ሌላ ሁለት ጥርስ ጨምሮ አሁንም ያፋጫል። እማ ሌሊት ሲሰሙት ‹አብሽር፣ ጥርሱ እያደገ ነው› ይሉና ገልበጥ ብለው ይተኛሉ» አለችኝ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ልጆች አማናዎቻችን ናቸው። አደራ ጠባቂ ሰው ደግሞ አይቸኩልም፣ አይዘነጋምም። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለወላጆች ማስተዋልን፣ ልጅ ለቀበሩትም ሶብርን ይስጥልን። በሚቀጥለው ፕሮግራማችን በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።